አርባ ምንጭ ደርሶ መልስ፦ የአንዲት ሞግዚት የጉዞ ማስታወሻ

ይህን የጻፍኩት ማታ ማታ፣ ሚጡ ከተኛች በኋላ፣ አልጋ ውስጥ ሆኜ በስልኬ ነው። እዚህም እዚያም ቢዘባርቅ አትፍረዱብኝ። አንዳንዱ ቦታ «አሉ»፣ አንዳንዱ ቦታ «አለ» እያልኩ ታገኙኛላችሁ። ስህተት አይደለም፤ እንደየቀኑ ነው የተውኩት።

ሥራዬ ሞግዚት ነው። 36 ዓመቴ ነው። ባለቤቴ በኩላሊት ሕመም ካረፈ 6 ዓመት አለፈው፤ ልጅ አልወለድንም። የማሳድጋት ልጅ 7 ዓመቷ ነው፤ ሚጡ እንበላት። እናቷ አሜሪካ ናት። ፍቺው ካለቀ 3 ዓመት ይሆነዋል፤ የሰው ታሪክ ስለሆነ ከዚህ በላይ አልገባበትም። አባቷ ሰርቬየር ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ ሚጡን ተከትለው እቴቴ ይሉኛል። በዚያ ቤት በስሜ የሚጠራኝ ሰው የለም፤ ዘበኛው ሳይቀር እቴቴ ነው የሚለኝ።

ጉዞው የመጣው በጉማሬ ነው። ሚጡ ጉማሬ አሳዩኝ ብላ ዓመቱን ሙሉ ስትነዘንዝ ከረመች። ጥር መጨረሻ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጋሼ ፈቃድ ወሰዱና «በቃ፣ አርባ ምንጭ» አሉ። «እቴቴም ትሄዳለች» አለች ሚጡ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ግን አርባ ምንጭ የሚለውን ስሰማ ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ተገላበጠ። ለምን እንደሆነ ሦስተኛው ቀን ላይ ትደርሱበታላችሁ።

ቀን 1፦ አዲስ አበባ፣ ባቱ፣ ሀዋሳ

ከቤት የወጣነው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው። የጋሼ እናት፣ እማማ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው በር ድረስ ወጡና ቆሎ በፌስታል አቀበሉን፤ መረቁን። የእኔ ቦታ ኋላ ነው፣ ከሚጡ ጎን። ጋቢናው ላይ የጋሼ የላፕቶፕ ቦርሳ፣ አንድ እሽግ ውሃና የሚጡ አሻንጉሊት ተቀምጠዋል። አሻንጉሊቷ ቀበቶ ታስራለች። ሞግዚት ኋላ ነው የምትቀመጠው፤ ይህ ገርሞኝ አያውቅም።

ሞጆ ሳንደርስ ሚጡን አስመለሳት። ፌስታል አዘጋጅቼ ነበር፤ ግን ቆሎ ያለበትን ነው የሳብኩት። ግማሹ ቆሎው ላይ፣ ግማሹ ቀሚሴ ላይ። ጋሼ ዳር ይዘው አቆሙና ውሃ እያፈሰሱ አጠቡኝ። አዎ፣ እኔን። ልጅቷን እኔ እያጠብኩ፣ የእኔን ቀሚስ ጫፍ ደግሞ እሳቸው።

ጋሼ ሲጨንቃቸው ቁጥር ያወራሉ። ይህን ያወቅሁት ቤቱ በገባሁ በመጀመሪያው ወር ነው። «አይዞሽ ሚጡዬ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ነው፣ ዝዋይ ደግሞ 1,640 ገደማ፣ እየወረድን ስለሆነ ነው» ይላሉ። ልጅቷ የምትፈልገው ሶፍት ነው።

ባቱ ላይ ለምሳ ቆምን። እኔ አሁንም ዝዋይ ማለቱ ይቀለኛል። ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን ጋሼ ስለ ደሴቶቹ ለሚጡ ነገሯት፦ 5 ናቸው፣ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ይባላል፣ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን እዚያ ተሸሽጎ ነበር ይባላል፣ ዛይ የሚባሉ ሰዎች ይኖሩበታል። እሷ ዝንብ ታባርራለች። የምማረው እኔ ነኝ።

ዓሳው ለሦስታችንም በአንድ ትሪ መጣ። ቤት እኔና ሚጡ ቀድመን እንበላለን፤ እሳቸው ማታ ደክመው ሲመጡ ብቻቸውን ይበላሉ። ባንድ ትሪ ስንቀርብ የመጀመሪያችን ነው። በእኔ በኩል ያለውን ብቻ እየቆረስኩ በላሁ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ሐይቅ በሐይቅ ነው። ላንጋኖ በግራ፣ አቢጃታና ሻላ በቀኝ። ሻላ ከ250 ሜትር በላይ ይጠልቃል አሉ፤ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን የሚስተካከለው የለም። የጥር ሰርገኛ ደግሞ መንገዱን ሞልቶታል፤ ሚጡ ሙሽራ ባየች ቁጥር በመስኮት እልል ትላለች።

ሀዋሳ ሁለት ክፍል ያዝን፤ እኔና ሚጡ 203፣ እሳቸው 204። ግድግዳው ስስ ነው። ሲያስሉ ይሰማኛል። ሪሴፕሽን ደወልኩና «ለ204 ዝንጅብል ሻይ ከማር ጋር» አልኩ። ማን እንደላከው አልተናገርኩም።

ቀን 2፦ ሀዋሳ

ጠዋት ጋሼ «ሆቴሉ አንደኛ ነው፣ ሳልጠይቅ ዝንጅብል ሻይ ላከልኝ» አሉ። ዝም አልኩ። እንቁላሌን እያየሁ ዝም። ቁርስ ላይ አስተናጋጁ ሂሳብ ይዞ መጣ። «1 ዝንጅብል ሻይ፣ ከ203 የታዘዘ» ይላል። ጋሼ ወረቀቱን አዩት፣ ደገሙት፣ አጥፈው ሸሚዛቸው ኪስ ከተቱት። ደረሰኝ ኪስ የሚከቱት ለመሥሪያ ቤት የሚያወራርዱ ሲሆን ብቻ ነው።

አሞራ ገደል በማለዳ ነው መሄድ። ጀልባዎቹ ይገባሉ፣ ዓሳ አጥማጆቹ መረባቸውን ያራግፋሉ፣ ልጆች እጃቸው እስኪጠፋ ድረስ እየፈጠኑ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሳ ይገፍፋሉ። አንድ ትንሽ ልጅ አየሁ፤ ቆዳውን በጥርሱ ይዞ በአንድ ጉተታ ልክ እንደ ካልሲ ያወልቀዋል። ዙሪያውን ራሰ በራ፣ አንገታቸው ላይ ከረጢት የተንጠለጠለባቸው ረጃጅም አሞራዎች ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። ቁመታቸው ከሚጡ ይበልጣል። እጃቸውን ወደኋላ ያጣመሩ ይመስላሉ።

«እቴቴ፣ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌዎች!» አለች ሚጡ።

እውነቷን ነው። አንዱ እንዲያውም ጉሮሮውን ጠራርጎ «ለደግ ነው የመጣነው» የሚል ይመስላል።

የተጠበሰ ዓሳ በዳጣ በላን። ሚጡ እኔን አጎረሰችኝ፣ አባቷን አጎረሰች፣ ከዚያ አየችን። «እናንተ ተኮራርፋችኋል እንዴ?» ጋሼ ሳቁ። ትልቁን ቁራጭ አነሱና እሾሁን አንድ በአንድ፣ በጥፍራቸው ጫፍ፣ እንደ ሰዓት ሠሪ እየለቀሙ ጣሉ። ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። እንጀራ ጠቅልለው ዘረጉልኝ። ጎረስኩ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሉና ደገሙኝ። የእኔ ተራ ሲመጣ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ግማሹ ሸሚዛቸው ላይ ፈሰሰ። ደረሰኙ ያለበት ኪስ ላይ።

ከሰዓት የሚጡ እናት በቪዲዮ ደወለች። ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ። እቅፏ ውስጥ ሕፃን አለ፤ እዚያ አግብታለች። «እቴቴ፣ ፀጉሯን እንዲህ የምትሠሪላት አንቺ ነሽ? እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። ከልቧ ነው። ምንም ሳልሰርቅ የሌባ ስሜት ተሰማኝ። ሚጡ ከተሰናበተች በኋላ ትንሽ ዝም ብላ ቆየች፤ ከዚያ ጉሬዛ አየችና ሮጠች። ልጅ እንዲህ ነው።

ማታ ፍቅር ሐይቅ በእግር ወጣን። ሐይቁ ዳር ያለው መንገድ ስሙ ይህ ነው፣ እኔ አላወጣሁትም። ሚጡ ፎቶ የሚነሱ ሙሽሮች ቆጠረች፤ 5 ደረሱ። ጋሼ ቁጥር ጀመሩ፤ አልቆባቸው ወደ ውሃው ዞሩ። «ይሄ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለውም። እንዲህ ያለ ውሃ ጨው ይሆናል። ይሄ ግን አልሆነም።»

«ታዲያ በየት ይወጣል?» አልኩ።

«ውስጥ ለውስጥ ነው የሚሉት።»

ከዚያ ሁለታችንም የምንለው ጠፋን። ሚጡ ስድስተኛ ሙሽራ አገኘች፤ ተገላገልን።

ቀን 3፦ ሀዋሳ፣ ሀላባ፣ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ

ሻሸመኔ ተመልሰን ወደ ምዕራብ ታጠፍን። ሚጡ ሌሊቱን በትንኝ ስትገላበጥ ስላደረች ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። ጋሼ ዳር ይዘው አቆሙ።

«እቴቴ፣ እግሯን ዘርግታ ትተኛ። አንቺ ጋቢና ነይ።»

ቦርሳውን አነሳሁ፣ ውሃውን አነሳሁ፣ አሻንጉሊቷን ከቀበቶው ፈታሁ። ተቀመጥኩ። ከፊት ሲታይ መንገዱ ሌላ ነው፤ ሰፊ ነው፤ ሰውም፣ ከብቱም፣ የአህያ ጋሪውም ወደ አንቺ ነው የሚመጣው። ባለቤቴ የጭነት ሾፌር ነበር። «ጋቢና የተቀመጠ ሰው መተኛት የለበትም፣ ሾፌሩን ማጫወት ሥራው ነው» ይል ነበር። እኔም ሥራዬን ጀመርኩ። በ3 ዓመት ውስጥ ለጋሼ ያወራሁት ሁሉ ቢሰበሰብ የዛሬውን አያህልም። ሀላባ ላይ ግድግዳቸው ሥዕል በሥዕል የሆኑ ቤቶች አየን፤ አበባ፣ አንበሳ፣ መኪና የተሳለባቸው። መንገድ ዳር የተሰጣው በርበሬ በመስኮት ገብቶ ሁለታችንንም አስነጠሰን። ሚጡን ግን አላነቃትም።

ሶዶ ምሳ በላን። ከዚያ ወደ ታች ነው። ሙቀቱ ይመጣል፣ አባያ በግራ በኩል ብቅ ይላል። ቀይ ነው፣ ቡና በወተት የመሰለ። ከዚያ ሙዝ። ሙዝ፣ ማንጎ፣ ደግሞ ሙዝ።

ላንቴ ላይ «ጋሼ፣ እባክዎ ትንሽ ያቁሙልኝ» አልኩ።

አንድ አይሱዙ ሙዝ ይጭናል። ልጆች አረንጓዴውን ዘለላ በትከሻቸው እያመጡ ይደረድሩታል፤ በየመሃሉ የሙዝ ቅጠል ያነጥፋሉ፣ እንዳይጎዳ። ባለቤቴ ከዚህ ነበር የሚጭነው። ከዚህ ወደ አትክልት ተራ፣ በሳምንት ሁለቴ። ሌሊት ሲገባ ልብሱ የሙዝ ቅጠል ይሸታል። የሙዝ ፍሬ አይደለም፣ ቅጠሉ ነው፤ እርጥብ የሆነ፣ መረር ያለ ሽታ። «አንድ ቀን ጋቢና አስቀምጬሽ እወስድሻለሁ፣ አርባዎቹን ምንጮች ታያለሽ» ይለኝ ነበር። አንዴ ጭነቱ ይቸኩላል፣ አንዴ ረዳቱ ቦታ ይይዛል፣ አንዴ እኔ ሥራ አለብኝ። ከዚያ ታመመ።

ወርጄ ቆምኩ። ቅጠሉን አሸተትኩ። ወጣቱ ሾፌር «እናቴ፣ ሙዝ ፈልገሽ ነው?» አለኝ። እናቴ ማለቱን ይቅር ብዬዋለሁ።

ጋሼ ከመኪናው አልወረዱም። ስመለስ ሶፍት ሰጡኝና ሞተር አስነሱ። ብዙ ከሄድን በኋላ «ምን ዓይነት መኪና ነበር የሚነዳው?» አሉ። «አይሱዙ፤ ሰማያዊ።» ሌላ አልጠየቁም። ግን ከዚያ እስከ ከተማው ድረስ ሙዝ የጫነ አይሱዙ በመጣ ቁጥር አጭር ክላክስ እያደረጉ አለፉ። ሾፌሮቹ በብርሃን መለሱላቸው። ስንት እንደሆነ እንኳ አልቆጠሩም።

ቀን 4፦ ጫሞ

ዛሬ «አሉ» ብሎ መጻፍ አቃተኝ። ሦስት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁት። «አለ» ብዬ እቀጥላለሁ።

ጠዋት ከሴቻ ላይ ሆነን ቁልቁል አየን። ሴቻ የላይኛው ከተማ ነው፣ ሲቀላ የታችኛው። በግራ ቀዩ አባያ፣ በቀኝ ሰማያዊው ጫሞ፣ መሃላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ተራራማ መሬት፣ ከሥሩ ጥቅጥቅ ያለ ደን። ከማዶ ነጭ ሣር ነው፤ የፓርኩ ስፋት 514 ካሬ ኪሎ ሜትር መሆኑን ማን እንደነገረን ታውቃላችሁ። ሚጡ «እግዜር በድልድዩ ሲሻገር ጫማ ያወልቃል?» አለች። መልስ የሰጣት የለም።

ጫሞ ዳር ጀልባ ከመሳፈር በፊት መዝገብ ይሞላል። ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ፣ መጨረሻ ላይ «የቅርብ ተጠሪ»። ስሜን ጻፍኩ። ዕድሜዬን ጻፍኩ። መጨረሻው ላይ እስክሪብቶው ቆመ። ድሮ እዚህ ቦታ ላይ የምጽፈው አንድ ቁጥር ነበር፤ እስካሁን በቃሌ አውቀዋለሁ። እህቴ አለች፣ ግን ስልኳን ሰሞኑን ቀይራለች። መዝጋቢው ይጠብቃል። ከኋላዬ ሰልፍ አለ። እሱ እስክሪብቶውን ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደና የራሱን ስምና ቁጥር ጻፈ። ከጎኑ «ዝምድና» የሚል ቦታ ነበር። አንድ አፍታ አሰበ፤ ጭረት አሰመረበትና መለሰው። ጭረቷን አይቻታለሁ። ቀጥ ያለች አልነበረችም፤ ሰርቬየር ሆኖ።

ጉማሬዎቹ ጆሮና ዓይን ብቻ ናቸው። ሚጡ ዓመት ሙሉ የነዘነዘችበት ይሄ ነው? እሷ ግን በደስታ አበደች። አንዱ አፉን ከፈተ፤ እኔ እግሬን ሰበሰብኩ። ከዚያ አዞ ገበያ ወደሚሉት ዳርቻ ሄድን። ግንድ የተጋደመ መስሎኝ ነበር። ግንዱ ዓይን አለው። ሲያዩት ዝም ያለ ነው፣ ቅርፊቱ ላይ ወፍ ትሄዳለች። ባለጀልባው ሞተሩን አጠፋ። ፀጥ አለ።

እሱ ለሚጡ ሊያሳያት ጎንበስ ብሎ እጁን በጀልባው ጠርዝ ወደ ውጭ ዘረጋ፤ ጣቶቹ ውሃውን ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም። ከጀልባው አጠገብ፣ ከእጁ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ሁለት ዓይን ብቅ አለ።

«አንተ! እጅህን አንሳ!»

ድምፄ ሐይቁን ተሻገረ። ወፎቹ ተነሱ። እጁን አነሳ፤ ዓይኖቹ ሰመጡ። ባለጀልባው ሞተሩን ቀሰቀሰና ቀዘፍ ቀዘፍ አድርጎ አራቀን። እኔ ልቤ ጉሮሮዬ ላይ ነው። ምን እንዳልኩ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ «እጅዎን ያንሱ» ማለት ነበረብኝ። ለዚያ ግን ጊዜ አልነበረም፤ አንቱታ ረጅም ነው፣ አዞ አይጠብቅም።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ማለቴ...» ብዬ ስጀምር አቋረጠኝ።

«አሁን ተመልሰሽ እርስዎ ብትይኝ እዘላለሁ» አለ። ዓይኖቹ ግን አይቀልዱም።

ሚጡ መሃላችን ተቀምጣ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች። «እቴቴ ጮኸች» አለች በአድናቆት። ቤት ውስጥ ጮኼ አላውቅም።

ቀን 5፦ ዶርዜ

መንገዱ ወደ ጨንቻ ሽቅብ ነው፤ በሙቀት ተነስተን በብርድ ደረስን። ጋቢና ነው የተቀመጥኩት። ማንም ምንም አላለም፤ አሻንጉሊቷ ኋላ ሄዳለች።

የዶርዜ ቤት ዝሆን ይመስላል፤ ፊት ለፊቱ ኩምቢው፣ ከላይ እንደ ዓይን ያሉ ሁለት ቀዳዳዎች። ከቀርከሃ ተሸምኖ በእንሰትና በቀርከሃ ቅጠል የሚሸፈን ነው። ምስጥ ከሥር ይበላዋል። ባለቤቶቹ የተበላውን ይቆርጡታል፣ ቤቱ ያጥራል። ስለዚህ አዲሱ ረጅም ነው፣ አሮጌው አጭር። እንደዚያ እያጠረ አሥርት ዓመታት ይኖራል። ካስፈለገ ደግሞ ሰዎች ተሰብስበው ተሸክመው ሌላ ቦታ ያቆሙታል። «ቤት ተሸክሞ መሄድ» አለ እሱ፣ ግድግዳውን እየዳሰሰ።

ቆጮ ሲጋገር አየን፤ እንሰቱ ሲፋቅ፣ ሊጡ በቅጠል ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ ሲሆን። በማርና በዳጣ በላን። ሚጡ ከቀዬው ልጆች ጋር ጠፋች፣ ድምፃቸው ብቻ ይመጣል። ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ ይሠራል፤ መወርወሪያው ግራ ቀኝ ይላል።

እሱ አንድ ትልቅ ጋቢ አነሳ። «ለማማ ነው?» አልኩ። «ለቤት» አለ። ከዚያ ጋቢውን ጭኑ ላይ አድርጎ ማውራት ጀመረ።

«እንዲህ ዓይነት ነገር መናገር አልችልበትም፤ ቁጥር ነው የምችለው። 41 ዓመቴ ነው። አንድ ልጅ አለችኝ። የቤት ብድሬ ሊያልቅ 11 ዓመት ይቀረዋል። ጨጓራ አለብኝ። አንቺ ቤቴ ከገባሽ 3 ዓመት ከ4 ወር ሆነሽ፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ ስምሽን አንድም ቀን ጠርቼ አላውቅም።» ከዚያ ስሜን ጠራ።

እንዴት ብዬ ልጻፈው? ስሜን ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ሆስፒታልና ባንክ ብቻ ነው የሚጠሩት።

መወርወሪያው ቆመ፤ ሸማኔው ክር ተበጥሶበት ይሁን ጆሮ ሰጥቶን እንጃ። እኔም የሚመልሰውን አፍ አገኘሁ፣ ማታውን ሙሉ ሳስበው ስላደርኩ ነው።

«ወር በገባ ደመወዝ እየሰጠኸኝ እሺ ብልህ፣ የሠራተኛ እሺታ ይሁን የሴት እሺታ በምን ታውቃለህ? አንተ ተወው፣ እኔስ በምን አውቃለሁ?»

ደነገጠ። ያላሰበው ነገር ነው። ወንዶች ስለ ፍቅር ያስባሉ፣ ስለ ደመወዝ አያስቡም።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ስንመለስ ሥራውን እለቃለሁ። እህቴ ጋ እገባለሁ። ከዚያ በኋላ ልብህ እንዲህ ከሆነ ሽማግሌ ላክ። ያኔ የምመልሰው እኔ ነኝ፣ እቴቴ አይደለችም።»

«ሚጡስ?»

«ሚጡን ከትምህርት ቤት እየተቀበልኩ ቤት አደርሳታለሁ። በነፃ።»

ሳቀ። ዓይኑ ረጥቧል፤ የቤቱ ጭስ ነው አለ። ጭሱ በሌላ በኩል ነበር። ሚጡ ከየት መጣች ሳንል አጠገባችን ቆማ አገኘናት፣ ጉልበቷ ጭቃ በጭቃ።

«ሽማግሌ ማለት የሀዋሳዎቹ ናቸው?» አለች። «በጣም ይሸታሉ እኮ!»

ቀን 6፦ አርባ ምንጭ

ምንጮቹን ሳላይ አልመለስም ብያለሁ። ከገደሉ ሥር፣ ደኑ ውስጥ ናቸው። ከተማው የሚጠጣው ከዚህ ነው። ዛፎቹ ፀሐይ አያሳልፉም፤ ዝንጀሮ ከላይ ቅርንጫፍ ይሰብራል። ውሃው ከድንጋይ ሥር ዝም ብሎ ይወጣል፤ እኔ የሚፈነዳ ነገር ነበር የጠበቅሁት። በእርግጥ አርባ ይሁኑ አይሁኑ ሚጡ ልትቆጥር ሞክራ ዘጠኝ ላይ ተዘናጋች።

ጫማዬን አወለቅሁ። እሱ ተቀበለኝና ወደኋላ ቀረ። ሚጡ ልትከተለኝ ስትል ትከሻዋን ያዘ። አልጠየቅሁትም። ውሃው ውስጥ ቆሜ ፊቴን ታጠብኩ፣ በእፍኜ ጠጣሁ። «መጣሁ እንግዲህ» አልኩ፤ ለማን እንዳልኩ ግልጽ ነው። «ጋቢና ተቀምጬ ነው የመጣሁት።» ሌላ የምለው ብዙ ይመስለኝ ነበር፤ ያ ብቻ ነበር። ስመለስ እሱ ጫማዎቼን በሁለት እጁ፣ እንደ ዳቦ፣ ደረቱ ላይ ይዟቸው ቆሟል።

ከሰዓት ሚጡ አዞ ሣለች። አዞው ላይ የአባቷን እጅ ሠራች፣ ከጎኑ አፏ የተከፈተ ትልቅ ሴት። እኔ ነኝ መሰለኝ።

ቀን 7፦ መመለስ

11 ሰዓት ላይ ተነሳን፤ በሶዶ፣ በሆሳዕናና በቡታጅራ። ረጅም ቀን ነው፣ የሚጻፍበት ግን ብዙ የለም። አንድ ጎማ ተነፈሰ። ሁለት ጊዜ ሻይ ጠጣን። ሚጡ አንድ ጊዜ ብቻ አስመለሳት፤ በትክክለኛው ፌስታል። እኔ ሾፌሩን አጫወትኩ። ስለ ባለቤቴ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፤ ስለ እሷም ጠየቅሁት፣ ነገረኝ። ኋላ ላይ ከላንቴ የገዛነው ሙዝ ቢጫ መሆን ጀምሯል።

ሰፈር ስንቃረብ ተስማማን፤ እማማ ፊት እንደ ድሮው። ሽማግሌ እስኪላክ፣ እስከምለቅ ድረስ ሁሉም በወጉ። ሚጡን «ምስጢር ነው» አልናት። ራሷን ነቀነቀች፣ ከባድ ኃላፊነት እንደተሰጠው ሰው።

ዘበኛው በሩን ከፈተ። እማማ በረንዳ ላይ ቆመዋል። ዓይናቸው ደክሟል እንጂ ጆሯቸው የአንድ ወጣት ነው።

«ጋሼ፣ ሙዙን ያውርዱልኝ» አልኩ፣ ድምፄን አስተካክዬ።

«እሺ፣ እርስዎ ልጅቷን ይያዙልኝ» አለ እሱ።

ለእኔ! እርስዎ! ተደናግሮት ነው። እማማ የያዙትን መቁጠሪያ አቆሙ። አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩን። ጋቢና በሩ ክፍት ነው፣ እግሬ ገና መኪናው ውስጥ ነው።

«ምን ሆናችኋል እናንተ?» አሉ።

«ምስጢር ነው» አለች ሚጡ ከኋላ ወንበር። «ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ይነግሩሻል።»